ሻቶ ትሮምፔት፦ ከቦርዶ መሀል ስለጠፋው ምሽግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የምትገኘውን ቦርዶን የሚጎበኝ ሰው በጋሮን ወንዝ ዳር የተዘረጋውን ኬንኮንስ የተባለ ሰፊ አደባባይ ሳይረግጥ አይመለስም። ዛፉ፣ ሐውልቱ፣ ወዲያ ወዲህ የሚለው ትራም ሁሉ ዓይን ይይዛል። ይህን የሚያህል ሜዳ በከተማ እምብርት እንዴት ባዶ ሊሆን ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ እዚያው ቦታ ላይ ከ350 ዓመት በላይ የኖረ የጦር ምሽግ ታሪክ ነው። ስለዚህ ምሽግ አዘውትረው የሚነሱ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻቶ ትሮምፔት ምን ነበር?

የፈረንሳይ ነገሥታት በቦርዶ ሰሜናዊ ጠርዝ፣ ወንዙን ተንተርሰው ያሠሩት ምሽግ ነው። በቦርዶ ዙሪያ ሻቶ የሚባሉ የወይን እርሻዎች ስለበዙ ይህም ከእነሱ አንዱ የሚመስለው አለ፤ አይደለም። ወታደር የሚሰፍርበት፣ መድፍና ባሩድ የሚከማችበት ግንብ ነበር። የመጀመሪያው ግንብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሠራ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕዝቡ አፈረሰው፣ ንጉሡም በብዙ እጥፍ አስፍቶ መልሶ አሠራው። ለመጨረሻ ጊዜ ከምድረ ገጽ የጠፋው በ1818 ነው።

ማን አሠራው? ለምንስ አሠራው?

ያሠራው ንጉሥ ሻርል 7ኛ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ራቅ ካለ ቦታ መጀመር ያስፈልጋል። በ1152 የአኪቴን ግዛት ባለቤት የነበረችው አሊዬኖር ሄንሪ ፕላንታጅኔትን አገባች። ሄንሪ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝን ዙፋን ሲወርስ ቦርዶም ከነአካባቢዋ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ገባች፤ ለ300 ዓመታት ያህልም በዚያው ቆየች። የቦርዶ ሰው በዚህ የተከፋ አይመስልም። ወይኑ በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ይሄዳል፣ ነጋዴው ያተርፋል፣ ንጉሡ ባሕር ማዶ ነው፣ ከተማዋም የራሷን ጉዳይ በራሷ ሹማምንት ታስተዳድራለች።

የመቶ ዓመት ጦርነት የሚባለው ረጅም ግጭት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ በ1451፣ የሻርል 7ኛ ጦር ቦርዶን ያዘ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ምሽጉ ባልተሠራ። ግን በ1452 መገባደጃ ላይ ጆን ታልቦት የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ የጦር አበጋዝ ሠራዊቱን ይዞ ሲደርስ ከተማዋ በሯን ከፍታ ተቀበለችው። በንጉሡ ዘንድ ይህ ክህደት ነበር። ታልቦት በጁላይ 17 ቀን 1453 ካስቲዮን ላይ በተደረገው ጦርነት ተሸንፎ ተገደለ። የተከበበችው ቦርዶም በዚያው ዓመት በኦክቶበር 19 ቀን እጇን ሰጠች። ንጉሡም አንድ ጊዜ ከድታኛለች ያላትን ከተማ በቃል ብቻ አምኖ ሊተዋት አልፈለገም። ሁለት ምሽጎች እንዲቆሙባት አዘዘ፤ ሻቶ ትሮምፔት ከሁለቱ አንዱ ነው።

እንግዲያው የተሠራው እንግሊዞችን ለመከላከል ነው ማለት ነው?

በከፊል እንደዚያ ነው። የእንግሊዝ መርከቦች ከባሕር ተነስተው ወንዙን ሽቅብ ይመጣሉ የሚል ስጋት ነበር፤ ምሽጉም ወደቡን ከላይ ሆኖ ያያል። ነገር ግን የምሽጉን ሙሉ ታሪክ ተከታትሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። እንግሊዝ ከበበችው ወይም ደበደበችው ተብሎ የሚነገር ትልቅ ታሪክ የለውም። ምሽጉ ስሙ የሚነሳው ቦርዶ ራሷ ባመፀች ቁጥር ነው። በ1548፣ በ1649፣ በ1675 ከንጉሡ ወታደሮች ፊት የቆሙት የከተማዋ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መድፎቹ ፊታቸውን ወደ ወንዙ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎዳናው፣ ወደ ገበያውና ወደ ማዘጋጃ ቤቱም አዙረው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የንጉሡ ሰዎችም ይህን ዓላማቸውን ከማንም አልደበቁም።

ለውጭ ጠላት የተዘጋጀው እውነተኛ መከላከያ በኋላ የተሠራው ከቦርዶ ራቅ ብሎ፣ ወንዙ ወደ ባሕር በሚሰፋበት በዢሮንድ ላይ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቮባን የተባለው ታላቅ የምሽግ መሐንዲስ በአንደኛው ዳርቻ የብላይን አምባ፣ በማዶው ፎር ሜዶክን፣ በመሀል ባለችው ደሴት ላይ ደግሞ ፎር ፓቴን አስገነባ። ሦስቱ በአንድነት ሆነው ከባሕር የሚመጣን መርከብ ገና ከተማዋ ሳይደርስ ለማስቆም የታሰቡ ነበሩ። ዛሬም ቆመዋል፤ በ2008 ከሌሎች የቮባን ሥራዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

ሁለተኛው ምሽግ የት ነበር?

በከተማዋ ምዕራባዊ በኩል፤ ስሙ ፎር ዱ ሃ ነው። ለብዙ ዘመን እስር ቤት ሆኖ አገልግሏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አብዛኛው ክፍሉ ሲፈርስ ሁለት ማማዎች ተረፉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች በዚያ ስፍራ በነበረው እስር ቤት የፈረንሳይ አርበኞችን ያጉሩበት ነበር። አሁን በቦታው የፈረንሳይ ዳኞችና ዓቃብያነ ሕግ የሚሠለጥኑበት ብሔራዊ ትምህርት ቤት ይገኛል።

በ1548 ምን ሆነ?

አመፁን የቀሰቀሰው የጨው ግብር ነው። የፈረንሳይ መንግሥት በደቡብ ምዕራብ ከዚያ በፊት ያልነበረን ከባድ የጨው ግብር ሲጭን በመጀመሪያ የገጠሩ ገበሬ ተነሳ፤ እሳቱ በኦገስት ቦርዶ ገባ። ትሪስታን ደ ሞኔን የተባለው የንጉሡ ተጠሪ ከምሽጉ ወጥቶ ሕዝቡን ለማረጋጋት ሞከረ፤ ሕዝቡ ገደለው።

በኋላ ዝነኛ ደራሲና ፈላስፋ የሆነው ሚሼል ደ ሞንቴኝ በዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። በኋላ ላይ በድርሰቶቹ ውስጥ በልጅነቱ ያየውን ይህን ነገር አንስቶታል። የሞንቴኝ ፍርድ የሚገርም ነው። ሹሙ ጥፋቱ መውጣቱ ሳይሆን፣ ከወጣ በኋላ ፈርቶና ተለሳልሶ መታየቱ ነው ይላል። አስተማማኝ ቦታ ውስጥ የነበረ ሰው ከአስተማማኙ ቦታ ወጥቶ፣ ድፍረቱን ግን እዚያው ትቶት እንደመጣ ነው የሚያየው።

ቅጣቱ ከባድ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ሞንሞራንሲ የተባለውን የጦር አዛዥ ከብዙ ሠራዊት ጋር ላከ። ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፣ ከተማዋ መብቷን ተነጠቀች፣ ሕዝቡን ለአመፅ የጠሩት ደወሎችም ወረዱ። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መብቷ ተመለሰላት፤ ክፍለ ሀገሩም ገንዘብ ከፍሎ ከጨው ግብሩ ወጣ። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ግብር በመጨረሻ በድርድር መፈታቱ ያሳዝናል።

ሞንቴኝ የቦርዶ ከንቲባ በነበረበት ጊዜስ ከምሽጉ ጋር ጉዳይ ነበረው?

ነበረው። ከ1581 እስከ 1585 ከንቲባ ሲሆን ፈረንሳይ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች ጦርነት ትታመስ ነበር። በ1585 የሻቶ ትሮምፔት አዛዥ የነበረው ቫያክ ጽንፈኛ ከነበረው የካቶሊክ ሊግ ጋር ወግኖ ከተማዋን አሳልፎ ሊሰጥ ነው ተብሎ ተጠረጠረ። በአካባቢው የንጉሡ ተወካይ የነበረው ማርሻል ማቲኞን ቀድሞ ደርሶበት ምሽጉን አስለቀቀው። ነገሩ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ከተማዋን እንዲጠብቅ የተሠራው ግንብ በአንድ ሰው ፈቃድ ከተማዋን ማስያዣ ሊሆን ይችል ነበር።

ሕዝቡ ምሽጉን ይዞት ያውቃል?

አዎ፣ በ1649። ሉዊ 14ኛ ገና ልጅ ሳለ ፈረንሳይን ያናወጠው ፍሮንድ የተባለው አመፅ በቦርዶ ከሌላው ቦታ ሁሉ ረዘም ብሎ ቆይቷል። የከተማዋ ከፍተኛ ፍርድ ቤትና ሕዝቡ የክፍለ ሀገሩን ገዢ መስፍን ኤፔርኖንን ተቃውመው ተነሱ፤ ምሽጉን ከበቡት፣ ያዙትም። ከያዙት በኋላ ያደረጉት ነገር ስለ ስሜታቸው ብዙ ይናገራል። ለራሳቸው መከላከያ አላደረጉትም፤ ማፍረስ ጀመሩ። ለ200 ዓመት ያህል ሲያስፈራራቸው የኖረውን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ለመንቀል የነበራቸው ጉጉት ቀላል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ኦርሜ የሚባል ንቅናቄ ተነሳ። ሕግ አዋቂዎችና ትልልቅ ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆኑ የእጅ ባለሙያዎችና ትንንሽ ነጋዴዎች የተሰለፉበት፣ ስብሰባውን በዛፎች ጥላ ሥር ያደርግ የነበረ ንቅናቄ ነው። ከተማዋን ለአንድ ዓመት ያህል በእጁ አስገብቶ አስተዳድሯል። በ1653 የንጉሡ ጦር ሲገባ ግን ሁሉም አበቃ።

ሉዊ 14ኛ ለምን መልሶ አሠራው?

በልጅነቱ ያየውን አመፅ ስላልረሳ ነው። ከ1653 በኋላ ምሽጉ እንዲጠገን ብቻ ሳይሆን እንዲሰፋም ታዘዘ። የድሮው ግንብ ማማዎች ያሉት የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነበር፤ አዲሱ ግን ለመድፍ ዘመን የተነደፈ ነው። ግንቡ ዝቅ ብሎ ወፈረ፣ ማዕዘኖቹ ሹል ሆነው ወደ ውጭ ወጡ፣ ዙሪያው በሰፊ ቦይ ተከበበ። ንድፉን ለረጅም ጊዜ የመራው ኒኮላ ፓዬን የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ቮባንም በኋላ እጁን አስገብቶበታል። ስለዚህ ምሽጉን በጅምላ የቮባን ሥራ ነው ማለት ትክክል አይሆንም።

በ1675 ደግሞ ሌላ አመፅ ተነሳ። ንጉሡ ለጦርነቱ ገንዘብ ፍለጋ በማኅተም ወረቀት፣ በትምባሆና በቆርቆሮ ዕቃ ላይ ግብር ጣለ። ቦርዶ ተነሳች፤ እንደ ልማዷም ተቀጣች። ፍርድ ቤቷ ከከተማዋ ተባርሮ እስከ 1690 ድረስ በስደት ቆየ፣ ወታደሮች በነዋሪው ቤት ሰፈሩ፣ የአብያተ ክርስቲያናት ደወሎች እንደገና ወረዱ። ምሽጉን የማስፋት ሥራም በረታ።

ምሽጉ ሲሰፋ ምን ጠፋ?

የዚህን ምሽግ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ልብ የሚሰብረው ክፍል ይህ ነው። በመድፍ ዘመን አንድ ምሽግ ከፊቱ ሰፊ ባዶ ሜዳ ያስፈልገዋል፤ ተኳሹ ያለ ከለላ እንዲያይ፣ የሚጠጋው ሰውም መሸሸጊያ እንዳያገኝ ነው። በገጠር ቢሆን ሜዳው ሣር ነው። ቦርዶ ላይ ግን ሜዳው ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ። የዶሚኒካን መነኮሳት ገዳምም ተነሳ፤ መነኮሳቱ ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ከ1684 እስከ 1707 ሠሩ። ያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ኖትርዳም በሚል ስም ከኬንኮንስ ብዙም ሳይርቅ ቆሟል።

ከሁሉ የከፋው የፒሊዬ ደ ቱተል መጥፋት ነው። ይህ ሮማውያን በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ፣ ቦርዶ ቡርዲጋላ በምትባልበት ጊዜ ያቆሙት ታላቅ ሕንፃ ነው። በመጀመሪያ 24 ረጃጅም ዓምዶች ነበሩት፤ ከ1400 ዓመት በላይ አልፎም 17ቱ ቆመው ነበር። የሮም መንግሥት ወድቋል፣ ጎቶች መጥተው ሄደዋል፣ እንግሊዞች ገዝተው ወጥተዋል፤ ዓምዶቹ ግን አልወደቁም። በ1669 ክሎድ ፔሮ የተባለው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ወደ ቦርዶ መጥቶ በጥንቃቄ ሣላቸው። ዛሬ መልካቸውን የምናውቀው በአብዛኛው በእሱ ሥዕል ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1677፣ ለመድፎቹ ሜዳ ሲባል በንጉሡ ትእዛዝ ፈረሱ። ንጉሡ የሚፈራው የገዛ ሕዝቡን በመሆኑ ብቻ አንዲት ከተማ እጅግ ጥንታዊ ከነበሩት ሕንፃዎቿ አንዱን አጣች። ይህን ጥፋት የጦርነት አስገዳጅነት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ከደጅ የቆመ ጠላት አልነበረምና።

ነጋዴዎቹ ምሽጉን ለምን ጠሉት?

መንገድ ስለዘጋባቸው ነው። ከምሽጉ በስተሰሜን ሻርትሮን የሚባል ሰፈር አለ፤ የወይን ነጋዴዎች፣ ብዙዎቹም የውጭ አገር ሰዎች፣ መጋዘናቸውንና ቤታቸውን የሠሩበት ነው። ከከተማዋ ወደ ሻርትሮን ለመሄድ ምሽጉንና ባዶ ሜዳውን መዞር ግድ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቦርዶ በፍጥነት ስትበለጽግ ይህ ግንብ በከተማዋ ጉሮሮ ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ሆነ።

ብልጽግናው ከየት እንደመጣ ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ስኳር፣ ቡናና ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ በካሪቢያን ደሴቶች፣ በተለይም ዛሬ ሄይቲ በምትባለው ሳን ዶሚንግ፣ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት እየተመረተ ወደ ቦርዶ ይጎርፍ ነበር። የቦርዶ መርከቦች ራሳቸው ከ120 ሺህ እስከ 150 ሺህ የሚገመቱ አፍሪካውያንን ወደ ባሕር ማዶ አግዘዋል። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቃቸው የወንዝ ዳር ሕንፃዎች ከዚህ ሀብት የተለዩ አይደሉም። ምሽጉን ካላፈረስን ብሎ የወተወተው ገንዘብም ከዚሁ የመጣ ነው።

ከ1743 እስከ 1757 የንጉሡ እንደራሴ የነበረው ቱርኒ ከተማዋን በዛፍ ጥላ መንገዶችና በአደባባዮች ሲያስውብ ከምሽጉ ሜዳ ዳር ላይ ደረሰ። እዚያ ያስከፈተው ጎዳና ዛሬም በስሙ ይጠራል። ጦሩ ግን ዝም አላለም፤ በምሽጉ ትይዩ የሚሠሩት ቤቶች የመድፍ ተኩስ እንዳያግዱ ከፍታቸው እንዲወሰን ተደረገ።

የቦርዶ ታላቁ ቴአትር ቤት ከምሽጉ ጋር ምን አገናኘው?

የቆመው በምሽጉ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። የክፍለ ሀገሩ ገዢ የነበሩት ማርሻል ሪሽልዩ ከተማዋ ትልቅ ቴአትር ያስፈልጋታል ብለው ገፉበት፤ ንጉሡም ከሜዳው ላይ መሬት ፈቀደ። አርክቴክቱ ቪክቶር ሉዊ በ1773 ጀምሮ በ1780 ጨረሰው፤ ኤፕሪል 7 ቀንም ተመረቀ። ፊት ለፊቱ 12 ዓምዶች ተደርድረዋል፤ በላያቸውም 9 የጥበብ አማልክትና 3 ሌሎች እንስት አማልክት ቆመዋል። የሮማውያኑ ፒሊዬ ደ ቱተል የነበረው በዚሁ አካባቢ ነው። መድፍ ያስፈረሰውን ዓምድ ከመቶ ዓመት በኋላ ቴአትር መልሶ አቆመው ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹን የሚተካ ባይሆንም።

ከ1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት በፊት ሊፈርስ ነበር ይባላል። ምን አገደው?

ገንዘብ አገደው። በ1785 የሉዊ 16ኛ መንግሥት ዕዳ ስለከበደው የምሽጉን መሬት ለነጋዴዎች ለመሸጥ ተስማማ። ቪክቶር ሉዊም ድንቅ ንድፍ አዘጋጀ፤ ወደ ወንዙ የተከፈተ ግማሽ ክብ አደባባይና ከእሱ የሚወጡ 13 መንገዶች ያሉት ነበር። ሥራው ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ በአውሮፓ ተወዳዳሪ ያልነበረው የወንዝ ዳር አደባባይ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። የገንዘቡ ነገር ግን ሳይሳካ ቀረ፤ ወዲያውም አብዮቱ መጣ፣ ንድፉም ወረቀት ላይ ቀረ።

በ1789ስ እንደ ፓሪሱ ምሽግ እንደ ባስቲል ተጠቃ?

አልተጠቃም። ሁለቱን ማነጻጸር የተለመደ ነው፣ ተመሳሳይነትም አላቸው፤ ሁለቱም የንጉሡ ግንቦች፣ ሁለቱም በገዛ ከተማቸው የተጠሉ ነበሩ። ባስቲል ግን ጁላይ 14 ቀን 1789 በውጊያ ተይዞ ወዲያው መፍረስ ጀመረ። የቦርዶው ምሽግ ያለ ውጊያ ነው ያለፈው። አዛዡ ዮሴፍ ደ ፉሜል ከሕዝቡ ጋር ተስማምቶ ኖረ፤ ኦብሪዮን የተባለው ዝነኛ የወይን እርሻ ጌታም ነበር። ይሁንና አብዮተኞቹ ጠላት ያሏቸውን በገፍ በገደሉበት የሽብር ዘመን፣ በጁላይ 1794፣ አንገቱን ተቀላ። ምሽጉ ግን እየተጎሳቆለም ቢሆን ቆሞ ቀረ።

በመጨረሻ ማን አፈረሰው?

ያፈረሰው የቦርዶ ከተማ ነው፤ ፈቃዱን የሰጠው ደግሞ ንጉሥ ሉዊ 18ኛ። ይህን ለመረዳት ማርች 12 ቀን 1814ን ማስታወስ ይጠቅማል። የናፖሊዮን መንግሥት ሲንገዳገድ ከንቲባው ሊንች ከተማዋን ለእንግሊዝ ጦር ከፈቱ፤ ከጦሩ ጋር ለመጡት፣ በአብዮቱ ከዙፋን የወረደው የቡርቦን ንጉሣዊ ቤተሰብ ልዑል፣ ለመስፍን አንጉሌምም ድጋፋቸውን አሳዩ። ወደቡ በናፖሊዮን የንግድ እገዳ ተራቁቶ ስለነበር ሕዝቡ ለለውጡ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1452 ለእንግሊዝ በር መክፈት ክህደት ተብሎ ምሽግ አሠራ፤ በ1814 ለእንግሊዝ በር መክፈት ለንጉሡ ታማኝነት ተብሎ ምሽጉን አስወገደ። በ1816 ቦታው ለከተማዋ ተሰጠ፣ በ1818 የመጨረሻው ግንብ ወረደ፣ ዛፍም መተከል ጀመረ።

ዛሬ በቦታው ላይ ምን አለ?

የኬንኮንስ አደባባይ። ስፋቱ ወደ 12 ሄክታር ተኩል ይጠጋል፤ በአውሮፓ ካሉት ትልልቅ የከተማ አደባባዮች አንዱ ነው። በወንዙ በኩል በ1829 የተሠሩ 21 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ አንዱ ንግድን፣ ሌላው የባሕር ጉዞን ያመለክታል። በ1858 የሞንቴኝና የፈላስፋው የሞንቴስኪዩ ሐውልቶች ቆሙ። ሞንቴኝ በከንቲባነቱ በሰጋበት ምሽግ ቦታ ላይ መቆሙ ለእኔ ተገቢ ነው።

በምዕራብ ጫፍ የዢሮንዲኖች ሐውልት አለ። ዢሮንዲኖች በአብዮቱ ጊዜ በተቀናቃኞቻቸው ተሸንፈው መሪዎቻቸው በኦክቶበር 31 ቀን 1793 ፓሪስ ላይ የተገደሉባቸው የፖለቲካ ቡድን ናቸው፤ ስማቸው ከዚህ አውራጃ የመጣ ነው። ሐውልቱ ከ1894 እስከ 1902 ተሠራ። ጫፉ ላይ ሰንሰለቷን የበጠሰች የነፃነት ምስል ትታያለች፤ ከመሬት እስከ ጫፉ 54 ሜትር ነው። የሚገርመው የዢሮንዲኖቹ የራሳቸው ምስል በላዩ የለም፤ ገንዘቡ ስላልበቃ ቀረ። ከሥሩ ያሉት የነሐስ ፈረሶችና ምንጮች በጀርመን ወረራ ጊዜ ለብረት ማቅለጫ ተነቅለው ተወስደው ነበር። ከጦርነቱ ማብቂያ አካባቢ አንዤ ከተማ ላይ ሳይቀልጡ ተገኙ፤ ወደ ቦታቸው የተመለሱት ግን በ1980ዎቹ ነው።

ምሽጉን የሚያሳይ የቀረ ነገር አለ? ምን ልይ?

ከመሬት በላይ ግንብ አይገኝም። በአቅራቢያው በስሙ የሚጠራ ትንሽ መንገድ አለ። የምሽጉን ስፋት ለመገመት የተሻለው ዘዴ ከታላቁ ቴአትር ተነስቶ አደባባዩን እስከ ሻርትሮን ድረስ በእግር ማቋረጥ ነው፤ ጊዜ ከተረፈ በዚያው ኖትርዳም ቤተ ክርስቲያንን ማየት ይቻላል። ከዘመኑ ግንብ ማየት የሚፈልግ ወደ ፎር ዱ ሃ ማማዎች ይሂድ፤ ከአደባባዩ በእግር የሚደረስበት ነው። ሰዓሊው ጆዜፍ ቬርኔ በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ትእዛዝ የፈረንሳይን ወደቦች ሲሥል ለቦርዶ ሁለት ትልልቅ ሥዕሎች ሠርቷል፤ አንዱ በ1759 ከሻቶ ትሮምፔት በኩል የታየ የወደቡ መልክ ነው። በሥዕሉ ላይ የሚታየው ወንዝ ዳር ዛሬም ያው ነው፤ አብዛኛው የድሮው ከተማም በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ ኬንኮንስ ለመድረስ የትራም መስመር ቢ ወይም ሲ ይወስዳል፤ በመጋቢትና በጥቅምት አካባቢ ባዛርና የመዝናኛ ትርዒት ስለሚሰፍርበት አደባባዩን በሙሉ ባዶነቱ ማየት የሚፈልግ በሌላ ወር ቢሄድ ይሻላል።